ፊልም፣ አኒሜሽን ወይስ ሞሽን ግራፊክስ፦ ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት

የማትሪክ ውጤት በሚወጣበት ሰሞን አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል። "እህቴ አኒሜሽን መማር ትፈልጋለች፣ የቱ ትምህርት ቤት ይሻላል?" ወይም "የባንክ ሥራዬን ትቼ ፊልም ልማር ነው፣ የት ልመዝገብ?" የምሠራው ኤዲቲንግና ሞሽን ግራፊክስ ስለሆነ ሰው እኔ ጋ መደወሉ አይገርምም። መልሴ ግን ብዙውን ጊዜ ጠያቂውን ያናድደዋል። "መጀመሪያ ምን ሥራ ልትሠሩበት እንደሆነ ንገሩኝ" ነው የምለው።

"ፊልም" ብቻውን መልስ አይሆንም። ስክሪፕት የሚጽፍ፣ ካሜራ የሚይዝ፣ መብራት የሚያቆም፣ ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ) የሚሸከም፣ ኤዲት የሚያደርግ፣ ከለር የሚሠራ (የምስሉን ቀለም የሚያስተካክል)፣ ብር ፈልጎ ሁሉንም የሚያሰባስብ ሰው አለ። አኒሜሽን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለአንዱ የሚበጀው ትምህርት ቤት ለሌላው የገንዘብ ብክነት ሊሆን ይችላል።

እኔ የማሠልጠኛ ቦታ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። የሠራችሁትን ሥራ ማን ያየዋል? ስንት ጊዜስ ያርመዋል? ሕንጻው፣ ሎጎው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማያቸው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ሙያውን መለየት

ካሜራና መብራት ቤት ተቀምጦ የሚለመድ ሙያ አይደለም። ዕቃ ያስፈልጋል፣ ሰውም ያስፈልጋል። ሌንስ ስለማውጣትና ስለመክተት መቶ ቪዲዮ ማየት ትችላላችሁ። ፀሐይ እየዘቀዘቀች፣ ተዋናዩ እየተነጫነጨ፣ ባትሪው አሥር በመቶ ላይ ሆኖ መብራት ማስተካከል ግን የሚለመደው እዚያው ቆሞ ነው። ስለዚህ ካሜራ ለሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤት ወይም ቀረጻ ቦታ የግድ ነው።

ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ሶፍትዌሩን ቤት መልመድ ይቻላል። የሚያስቸግረው የሚቆረጥ ጥሩ ምስል ማግኘቱ ነው። ስልካችሁ ላይ በቀረጻችሁት ድመት ኤዲተር አትሆኑም። ተዋናይ ያለበት፣ ሦስት አራት ጊዜ የተደጋገመ፣ ድምፁ ለብቻው የተቀዳ ትዕይንት ያስፈልጋችኋል። ያ ደግሞ የሚገኘው ከሚቀርጹ ሰዎች ጋር ስትውሉ ነው።

ሞሽን ግራፊክስ ቶሎ ገንዘብ የሚያስገኘው ነው። ማስታወቂያ ድርጅቱ፣ የዩቲዩብ ቻናሉ፣ ባንኩ፣ ዕርዳታ ድርጅቱ፣ ሁሉም የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሎጎ ይፈልጋል። አኒሜሽን ረጅሙ መንገድ ነው፤ ስለ እሱ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ማንም የማይጠይቀኝ ሙያ ድምፅ ነው። ይገርመኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማሳየት ሲጀምር ለድምፅ ባለሙያ ትልቅ በር ተከፍቶ ነበር። አቦል ቲቪ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲመጣም ተከታታይ ድራማ በዝቷል። አሁንም የአማርኛ ድራማ ተመልካች አንደኛ ቅሬታው "ድምፁ አይሰማም" ነው። ካሜራ የያዘ ወጣት በየሠፈሩ አለ። ንጹሕ ድምፅ መቅዳትና ማደባለቅ የሚችል ሰው ግን ሲፈለግ ይጠፋል። ልባችሁ ገና ያልወሰነ ከሆነ ይህን ሙያ አስቡት።

ዩኒቨርሲቲ፦ ለማን ይሆናል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚህ ሙያ የሚጠቅሙ ሦስት አራት በሮች አሉ። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አንዱ ነው። የዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት ሌላው ነው። የፊልም የማስተርስ ፕሮግራምም አለ። ጋዜጠኝነት ደግሞ ለዜናና ለዘጋቢ ፊልም መግቢያ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ የማትሪክ ውጤት ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ።

ማስተርሱ ለሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል። አንደኛው ዳይሬክት ማድረግ ወይም መጻፍ የሚፈልግና ለማሰብ ጊዜ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለተኛው ወደፊት ማስተማር የሚፈልግ ነው። በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ ላይ ካላችሁ፣ ዳይሬክቲንግም ከልባችሁ ከሆነ፣ ከግል ሥልጠና ይልቅ ወደዚህ ባደላ ይሻላል እላለሁ። ለካሜራማንና ለኤዲተር ግን ሁለት ዓመት ይረዝማል። የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ የምስል ቀለም ማስተካከል (ከለር ግሬዲንግ) አያስተምርም።

የአለ ትምህርት ቤት ነገር ይለያል። አኒሜሽን የሚል ስም ባይኖረውም፣ ለአኒሜተር አገር ውስጥ ካሉት መሠረቶች ሁሉ ጠንካራው እሱ ይመስለኛል። የሰውን አካል መሳል፣ ክብደት፣ ብርሃንና ጥላ፣ ቅንብር፣ እነዚህ ሶፍትዌር ሲቀያየር የማይቀያየሩ ነገሮች ናቸው። አራት ዓመት ሥዕል ተምሮ ማታ ማታ ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር የሚነካ ልጅ፣ አራት ዓመት ብሌንደር ብቻ ከነካው ልጅ ይበልጣል። ይህን ስል ወላጆች ደስ አይላቸውም። ሥዕል ሥራ አይመስላቸውማ።

ዲግሪ የሚጠቅምበት ሌላም ቦታ አለ። ማስታወቂያ ድርጅት ስትሄዱ ወረቀት የሚጠይቃችሁ የለም፤ "ሥራህን አሳየኝ" ነው የሚባለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ካሜራማን ለመሆን ግን ያለ ወረቀት ለሥራ ማስታወቂያው እንኳ አትመዘገቡም። ዲግሪ ወይም በደረጃ የተሰጠ የሙያ ምስክር ወረቀት ይፈለጋል፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናም ይኖራል። የምትፈልጉት ቋሚ ደመወዝና ጡረታ ከሆነ ይህን አትናቁት።

የግል ማሠልጠኛዎች

አብዛኛው ሰው የሚገባው እዚህ ነው። ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት፣ የጠዋት፣ የማታና የቅዳሜ ፈረቃ አለ። ጥሩውና መጥፎው ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንድ ሕንጻ ላይ ነው ያለው። ዋጋቸውም ሊቀራረብ ስለሚችል በዋጋ መለየት አይቻልም።

ቁጥር እንሥራ። የሦስት ወር የካሜራ ሥልጠና በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሆን ወደ 108 ሰዓት ይሆናል። ግማሹ ንድፈ ሐሳብ ነው እንበል። 54 ሰዓት ተግባር ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ 24 ሰው ካለና ካሜራው ሁለት ከሆነ፣ አንድ ካሜራ ለ12 ሰው ይደርሳል። በእጃችሁ ካሜራ የምትይዙት አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው። በሦስት ወር ውስጥ! ስለዚህ ስትጠይቁ "ስንት ካሜራ አላችሁ?" ብቻ አትበሉ። "አንድ ካሜራ ለስንት ሰው?" በሉ። ቅዳሜና እሑድ ዕቃ ማስወጣት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። እኔ ካለኝ ልምድ፣ ለተማሪዎቹ ዕቃ የሚያውስ ቦታ ተማሪዎቹን የሚያምን ቦታ ነው፤ ሌላውም ነገር ብዙውን ጊዜ ደህና ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ አስተማሪው ነው። ስሙን ጠይቁና የሠራውን ፈልጉ። ለምሳሌ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን የመሠረተው ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ ነው። የቻዱን ዳይሬክተር የማሐማት ሳሌህ ሐሩንን ፊልሞች የቀረጸ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት የሚታይ የሥራ ታሪክ ሲኖር ምን እንደምትማሩ ታውቃላችሁ። የሁሉም አስተማሪ ታሪክ እንዲህ እንዲሆን አይጠበቅም። ግን ቢያንስ ስሙ በመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ ያለበት ሁለት ሦስት ሥራ ሊያሳያችሁ ይገባል። "ብዙ ሠርቷል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ደግሞ በማስታወቂያው ላይ ያለው ታዋቂ ሰው ራሱ ክፍል ይገባል ወይስ የመክፈቻው ቀን ብቻ ነው የሚመጣው? ይህን በግልጽ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ሦስተኛው፣ የተመራቂ ሥራ ማየት ነው። ምርጡን አንዱን ያሳዩዋችኋል። እሱን አይታችሁ፣ "የባለፈውን ዙር ሁሉንም ማየት እችላለሁ?" በሉ። ምርጡ ተማሪ የትም ቢገባ ጎበዝ ይሆን ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚናገረው የመካከለኛው ተማሪ ሥራ ነው። ድምፁ ይሰማል? ፊት ላይ ያለው መብራት ታስቦበታል? ትዕይንቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይገባችኋል? ለዚህ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ክፍል በነጻ ገብታችሁ እንድትቀመጡ ጠይቁ። እንቢ ካሏችሁ ተጠራጠሩ። ገብታችሁ ደግሞ አስተማሪው የተማሪ ሥራ ከፍቶ "ይሄን ለምን እዚህ ጋ ቆረጥከው?" ሲል ከሰማችሁ ጥሩ ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሶፍትዌር ሜኑ ሲያነብ ከዋለ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ።

አራተኛ፣ ዕውቅና። "በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠው" የሚለው ጽሑፍ በሁሉም ባነር ላይ አለ። ዕውቅናው የተሰጠው ለየትኛው ሙያና ደረጃ ነው? ለፎቶግራፍ የተሰጠ ዕውቅና ለአኒሜሽን አያገለግልም። ስትጨርሱ በዚያ ሙያ የሲኦሲ ምዘና መቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ወረቀት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ይህን መዝለል ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። "ሲኒማቶግራፊ፣ ኤዲቲንግ፣ ግራፊክስ፣ አኒሜሽንና ድሮን በሦስት ወር" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሳቁና እለፉ።

አኒሜሽን ለምን ይለያል?

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ይሆናል። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ላይ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢይዙት እንኳ 720 ሥዕል ነው፤ ለአንዲት ደቂቃ። በሦስት ዳይሜንሽን ሲሆን ሥዕሉ ይቀራል። በምትኩ ገጸ ባሕሪውን መቅረጽ፣ አጥንት ማስገባት፣ ቀለምና ቆዳ መስጠት፣ ማንቀሳቀስ፣ መብራት ማቆም፣ ሬንደር ማድረግ (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል እንዲያወጣ ማድረግ) ይመጣል። ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ነው።

ስለዚህ አኒሜሽን አስተምራለሁ የሚል ቦታ ሁሉንም በጥቂት ወር እጨርሳለሁ ካለ የሚሰጣችሁ ትውውቅ ነው። ትውውቅ መጥፎ አይደለም፣ ዋጋው የትውውቅ ከሆነ። ደህናው ፕሮግራም ከምትነጥር ኳስ ይጀምራል። አዎ፣ ኳስ። ከባድ ኳስና ቀላል ኳስ ለየብቻ። ቀጥሎ ጅራት፣ ቀጥሎ የሰው አረማመድ። ተማሪው ይሰለቻል፤ ወዲያው ዘንዶ ማብረር ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ዘንዶ የሚያስበርር አስተማሪ ተማሪውን እያስደሰተ ነው እንጂ እያስተማረ አይደለም።

አኒሜሽን ሌላው ጠባዩ ሕንጻ የማይፈልግ መሆኑ ነው። የሚፈልገው ኮምፒውተር፣ ጊዜና በየሳምንቱ ሥራችሁን የሚያርም ዓይን ነው። ለዚህ ነው በኢንተርኔት መማር ከፊልም ይልቅ ለአኒሜሽን የሚያዋጣው።

ሶፍትዌሩ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ብሌንደር ነጻ ነው፣ ለዘለዓለም። በ2025 እ.ኤ.አ. በረጅም አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በብሌንደር ነው። ስለዚህ "በነጻ ሶፍትዌር ቁም ነገር አይሠራም" የሚላችሁን አትስሙት። ለሥዕል ክሪታ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። የውጭ ትልልቅ ስቱዲዮ ውስጥ መቀጠር የሚያልም ሰው ግን ማያ የሚባለውን ሶፍትዌር ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በእሱ ነውና። ለኤዲቲንግና ለከለር የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው እትም እስከ 4ኬ ድረስ ያወጣል። የሚከፈልበት እትሙ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 295 ዶላር ነው፤ ለጀማሪ አያስፈልግም። የአዶቢ ሶፍትዌር በየወሩ ይከፈልበታል። እኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚያገኘው ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱን እዚህ አላነሣም።

ገንዘቡ የሚወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። 16 ጊጋባይት ራምና የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይሁን። ለሦስት ወር ሥልጠና የምትከፍሉትንና ደህና ኮምፒውተር የሚፈጀውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አኒሜሽን ከሆነ የምትመርጡት ኮምፒውተሩን አስቀድሙ። ሥልጠና ተምሮ ቤት ሲገባ የሚነካው ኮምፒውተር የሌለው ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ይረሳዋል። መብራት መጥፋቱን ደግሞ ከወዲሁ አስቡ። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር የያዘ ዴስክቶፕ ሰባተኛው ሰዓት ላይ ሲጠፋ የሚሰማውን ያየ ያውቀዋል። ሬንደሩን በአንድ ቪዲዮ ሳይሆን በተናጠል ምስሎች አድርጉት፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከሚከፈልባቸው የኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች አኒሜሽን ሜንተርን ላንሳ። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። እያንዳንዱ ኮርስ 12 ሳምንት ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ አኒሜተር በየሳምንቱ የቤት ሥራችሁን አይቶ ያርማል። የምትከፍሉት ለቪዲዮው አይደለም፣ ለዚያ እርማት ነው። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ መክፈል የለባችሁም፤ አንድ ኮርስ ወስዳችሁ ማቆም ትችላላችሁ። እንቅፋቱ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚከፈል ትምህርት ሁሉ በአንድ ክረምት ዕጥፍ ሆነ። የካርዱም ችግር አለ፤ ከዚህ ሆኖ ወደ ውጭ መክፈል ራሱ አንድ ሥራ ነው። ብዙው ሰው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው የሚያስከፍለው።

ይህ ካልተቻለ ርካሹን መንገድ ልንገራችሁ። አራት አምስት ሆናችሁ ቡድን አብጁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁሉም የሠራውን ያሳይ። አንድ የሚሠራ ባለሙያ በወር ሁለት ጊዜ መጥቶ እንዲያርማችሁ ተዋጥታችሁ ክፈሉት። ከብዙ ማሠልጠኛዎች የተሻለ እርማት ታገኛላችሁ። ቡድኑ ግን የሚጠላላ እንጂ የሚወዳደስ አይሁን እያልኩ እቀልዳለሁ። "አሪፍ ነው ወንድሜ" ብቻ የሚባልበት ቦታ ማንም አያድግም።

የሥራ ገበያውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አኒሜተር የሚቀጥረው በዋናነት የማስታወቂያ፣ የልጆች ፕሮግራምና የጤና መልእክት ሥራ ነው። በልጆች ቴሌቪዥን የሚታወቀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ አኒሜሽን ተከታታይ ሠርቷል። በሮቹ ጥቂት ናቸው። በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ግን እየበዛ ነው። የእንግሊዝኛ ኢሜይል አጻጻፍ ከሶፍትዌሩ እኩል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሳይማሩ መግባት

አሲስታንት ሆኖ መግባት እስካሁን ብዙዎቻችን የመጣንበት መንገድ ነው። ሰርግ ላይ ገመድ ተሸክሞ፣ ስቱዲዮ ጠርጎ፣ ፋይል ኮፒ አድርጎ። ክፍያ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ምሳ ብቻ ነው። በአንጻሩ በስድስት ወር ውስጥ ስንት ቀረጻ እንደምታዩ አስቡት።

ጉድለቱ አንድ ነው። የምትማሩት አለቃችሁ የሚያውቀውን ብቻ ነው። እሱ መብራት ሁሌ ከፊት ለፊት የሚያቆም ከሆነ እናንተም እንደዚያ ታቆማላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቁም። ስለዚህ ለካሜራና ለመብራት የምመክረው ቅይጥ ነው። አጭር፣ ዕቃ የሚያስነካ ሥልጠና ውሰዱና ወዲያው አሲስታንት ሁኑ። ሁለተኛና ሦስተኛ ሰርተፊኬት አትደርድሩ።

ሴቶች ልጆች ያሏቸው ወላጆች ስለ ማታ ቀረጻ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቀረጻ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ሥራ ስትጀምር "የመልስ ትራንስፖርት አለ ወይ?" ብላ መጠየቅ አለባት። የሚከበር ፕሮዳክሽን ይህን በጥሪ ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል። የመልስ ትራንስፖርት የሌለው ቦታ ቢቀር ይሻላል።

ከአገር ውጭ

እዚህ ላይ ቀጥተኛ ልሁን። በራሳችሁ ወይም በቤተሰብ ገንዘብ ወደ ካናዳ ወይም አሜሪካ የፊልም ትምህርት ቤት መሄድን አልመክርም። በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቫንኩቨር ፊልም ትምህርት ቤት በአኒሜሽን ስሙ የተጠራ ነው፤ ፕሮግራሙም የአንድ ዓመት ነው። ግን የአንድ ዓመቱ ክፍያ በአሥር ሺዎች የካናዳ ዶላር ይቆጠራል። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ስቱዲዮ ይከፈታል። "ያሬድ ዘለቀ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ደርሷል፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪም ዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ነው የተማረው" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዳይሬክተሮች ናቸው፤ ለዳይሬክተር ትልቅ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትውውቅ ዋጋ አለው። ለኤዲተርና ለሞሽን ግራፊክስ ሠራተኛ ግን ያን ያህል አያዋጣም።

ስኮላርሺፕ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላችሁ ሁሉ ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ማወቅ አለባችሁ። ዶክኖማድስ የዘጋቢ ፊልም ማስተርስ ነው፤ ሁለት ዓመት፣ በሊዝበን፣ በቡዳፔስትና በብራስልስ። ሪአኒማ የአኒሜሽን ማስተርስ ነው፤ ቤልጂየም፣ ፊንላንድና ፖርቱጋል ያሉ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚሰጡት። ልብ ወለድ ፊልም ለሚፈልግ ኪኖ አይስ አለ። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ በወር 1,400 ዩሮ ለኑሮ ይሰጠዋል። ስኮላርሺፑ በየዙሩ መኖሩንና የማመልከቻውን ጊዜ ከየፕሮግራሙ ድረ ገጽ አረጋግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚከፈተው።

ማመልከቻው ላይ የሚጣለው ብዙው ሰው በእንግሊዝኛው አይመስለኝም። የሚያሳየው ሥራ ስለሌለው ነው። አምስት ደቂቃ ቢሆንም የራሳችሁ የሆነ፣ ከሠፈራችሁ የወጣ ፊልም ይኑራችሁ። የአያታችሁን ጉልት ንግድ በትዕግሥት የሚያሳይ አጭር ሥራ በድሮን ከተነሣ የአዲስ አበባ ፎቅ ይበልጣል። እነዚያ ፕሮግራሞች ድሮን ብዙ አይተዋል።

ናይሮቢ መካከለኛው አማራጭ ነው። አፍሪካ ዲጂታል ሚዲያ ኢንስቲትዩት ፊልም፣ አኒሜሽንና ድምፅ በዲፕሎማ ደረጃ ያስተምራል። በረራው ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ኬንያ የማስታወቂያና የውጭ ፕሮዳክሽን ገበያዋ ከእኛ ሰፋ ያለ ስለሆነ የልምምድ ዕድሉ ይሻላል። የኑሮ ወጪው ግን ከትምህርቱ ክፍያ ሊበልጥ ስለሚችል ቤት ኪራዩን ሳታሰሉ አትመዝገቡ።

ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ

እናንተ ደግሞ በአጠገባችሁ ያለውን ርካሽ ነገር አልፋችሁ ውዱን ትፈልጋላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለላችሁ። የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ከውጭ ከሚመጣው በጣም ያነሰ ነው። ማታ ማታ አንድ ሁለት ኮርስ ወስዳችሁ ሙያው ይስማማችሁ እንደሆነ ታያላችሁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ፌርፋክስ ፐብሊክ አክሰስ የሚባለውን የማኅበረሰብ ቴሌቪዥን ጠይቁ። ሥልጠና ይሰጣል፤ ሥልጠናውን ለጨረሰ አባልም ስቱዲዮና ዕቃ ያስጠቅማል። የአማርኛ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች በዚህ በር አልፈዋል። የልጆች ፕሮግራም፣ የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት፣ የማኅበር ስብሰባ የምትቀርጹ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ዲግሪ ለሚፈልግ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማስተርስ አለው። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው። የራሳችንን ታሪክ በራሳችን ዓይን መንገር የሚለውን ነገር አጥብቆ ለሚፈልግ ሰው ከሆሊውድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ይልቅ ይሄ ይቀርበዋል። ትምህርት ሳትመዘገቡም ቢሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የእሱንና የባለቤቱን ሳንኮፋ የመጻሕፍት መደብር ጎብኙት። ቡናውም ጥሩ ነው።

እኔ ብሆን

አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ አኒሜሽን ለሚፈልግና እጁ ለሚስል ልጅ፣ አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ማታ ብሌንደር። እጁ ለማይስል ግን ኮምፒውተር ለሚወድ፣ ኮምፒውተር ይገዛለት፣ ስድስት ወር ቤት ይሞክር፤ ካልተወው ብቻ የሚያርም ሰው ይከፈልለት። ካሜራ ለሚፈልግ፣ አጭር ሥልጠናና አሲስታንትነት። ሥራ ላይ ላለና ቶሎ ገቢ ለሚፈልግ ሞሽን ግራፊክስ በማታ። ዲግሪ ላላትና ዘጋቢ ፊልም ለምትወድ፣ ዘንድሮ አንድ አጭር ፊልም ሠርታ ለዶክኖማድስ ታመልክት። ባንኩን ሊለቅ ላሰበው ሰውዬ፣ እባክህ አትልቀቅ፤ የቅዳሜ ፈረቃ አለ።

ወስናችሁ ልትከፍሉ ስትሄዱ ደግሞ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። በወር በወር ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ ጠቅላላ የተግባር ሰዓቱ፣ የሚያስተምረው ሰው ስም፣ ብታቋርጡ ስንት እንደሚመለስላችሁ። የመመረቂያ ሥራችሁን ጥሬ ቀረጻና የፕሮጀክት ፋይል ይዛችሁ መውጣት እንደምትችሉም አስጽፉ፤ አንዳንድ ቦታ ፋይሉ የእኛ ነው ይላሉ። ሃርድ ዲስክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዛችሁ ሂዱ።